ደሙ የማን ነው?

ኮን ከጋሸና ወደ ወገልጤና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ደጋ ሰው ሰውን ከገደለ በአንድ ሞት ሁለት ጉዳይ ይከፈታል። አንዱን ፖሊስ ይከፍተዋል። አስከሬኑ ይመረመራል፣ ምስክሮች ቃላቸውን ይሰጣሉ፣ ተጠርጣሪው ተይዞ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዐቃቤ ሕግም ክሱን አዘጋጅቶ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ያቀርባል። ሌላውን ጉዳይ የሚከፍቱት ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው። ሐዘንተኛው ገና ድንኳን ውስጥ ሳለ የገዳይ ወገን ወንዶቹን ከቀዬው ያሸሻል፤ ደም መላሽ የሚሆነው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ መስቀል የያዘ ቄስ በሁለቱ ቤት መካከል መመላለስ ይጀምራል።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚጠይቁት ጥያቄ ለየቅል ነው። ፍርድ ቤቱ ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ምን አስቦ እንደገደለ፣ አድራጎቱ በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ይመረምራል። ሽማግሌዎቹ ገዳዩን ብዙ ጊዜ ያውቁታል። እነሱን እንቅልፍ የሚነሣቸው ነገ የሚገደለው ሰው ነው።

በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ የተከራካሪዎቹ ስም ሲጻፍ በአንድ ወገን ዐቃቤ ሕግ፣ በሌላው ወገን ተከሳሽ ይባላል። ሟች በክሱ ዝርዝር ውስጥ አንዴ ሁለቴ በስሙ ይጠራና ከዚያ በኋላ «ሟች» ብቻ ይሆናል። እናቱ ግድያውን በዓይኗ ካየች ምስክር ናት፤ ካላየች ችሎቱን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታዳምጣለች። በሽማግሌዎቹ ጉባኤ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሟች ቤተሰብ «እሺ» ካላለ የሚሆን ነገር የለም፤ ቄሱም ሼሁም የሚለምኑት እነሱን ነው። እንግዲህ የፈሰሰው ደም የማን ነው? የመንግሥት ነው? የቤተሰብ ነው? ወይስ ካህናቱ እንደሚያስተምሩት ነፍስን የሰጠው የፈጣሪ ነው? የወንጀል ሕግ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት መልሱ አያጠራጥርም ነበር። ደሙ የወገን ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ በተጠየቅ፣ በበላ ልበልሃ፣ ማር ይግባ በቅሎ ይግባ እየተባለ ይሟገታሉ። ገዳይ ተፈርዶበት ሲወጣ ምርጫው የሟች ዘመዶች ነበር፤ ደም ይቀበላሉ ወይም ካሳ ይቀበላሉ። ቅጣቱን የሚፈጽመውም በመንግሥት የተቀጠረ ሰው አልነበረም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ገዳይ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ እነሱም እሱ በገደለበት መንገድ ይገድሉታል ወይም ይምሩታል። በመጨረሻይቱ ደቂቃ እንኳ በዙሪያ የቆመው ሕዝብ «ለእግዚአብሔር ብላችሁ፣ ለማርያም ብላችሁ» እያለ ይማልድ ነበር። ነገሥታቱ ለራሳቸው ያስቀሩት የሞቱን ፍርድ የማጽናት ሥልጣን ነበር።

ከዚህ ልማድ ጎን ለጎን መጽሐፉ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጻዊው የቅብጥ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ ናቸው። ዋድላ በቅኔ ቤቷ የታወቀች አገር ናት። ቅኔ የተቀኘ ደቀ መዝሙር ወደ መጻሕፍት ቤት ሲሻገር ፍትሐ ነገሥትን በአንድምታ የሚማርበት ጊዜ አለ። ያንን መጽሐፍ የተማረ ሊቅ ነፍስ መግደልን በሁለት ዓይን ያያል። ገዳይ በዳኛ ፊት በሥጋው የሚጠየቀው አለ፤ በንስሐ አባቱ ፊት በነፍሱ የሚቀበለው ቀኖና አለ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ተፈርዶበት የታሰረ ሰው በዚያ ብቻ ንስሐ ገብቷል አይባልም፤ ንስሐ የገባም ከእስር ይፈታ አይባልም።

ሊቃውንቱ የሚያስተምሩባቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቀላል መልስ አይሰጡም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። ጩኸቱ የሚሰማው በአዳም አይደለም፣ በሔዋንም አይደለም። ሆኖም ፈራጁ ቃየልን ምድር ለምድር ያንከራትተዋል እንጂ አያስገድለውም፤ እንዲያውም ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት ያደርግለታል። ደም መላሽ እንዳይነሣ የከለከለው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 35 ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ሆን ብሎ ስለገደለ ሰው ነፍስ ካሳ መቀበል ክልክል ነው፤ የፈሰሰ ደም ምድሪቱን ያረክሳልና። ሳያስብ የገደለ ግን ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ይቀመጣል። በአክሱም ጽዮን ዙሪያ ለዘመናት ጸንቶ የኖረው የተማፅኖ ወሰን የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው፤ ሸሽቶ የገባን ሰው ደም መላሹም የመኳንንት ወታደርም አይነካውም ነበር።

ወንጌል ላይ ሲደረስ ትእዛዙ ይዞራል። መባህን ከማቅረብህ በፊት ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ከኮን ብዙም በማይርቀው በላስታ ገጠር ያለ ቄስ ደመኞችን ሲያስታርቅ በእጁ ያለው ትልቁ መሣሪያ ይህ ቃል ነው። ቂም የያዘ አይቆርብም፤ ቂመኛ ለሞት ሲደርስም ነፍሱ ያሳስበዋል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድም መንገዱ ክፍት ነው። የቁርኣን አል በቀራ ምዕራፍ 178ኛ አንቀጽ በግድያ ላይ ማመሳሰልን ከደነገገ በኋላ የሟች ወገን ይቅር እንዲል በር ይከፍታል፤ ይቅር የተባለም ካሳውን በመልካም እንዲከፍል ያዝዛል። በራያና ቆቦ ዘወልድ፣ በሌላው የወሎ ምድር አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ለረጅም ዘመን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይዘው የዘለቁት በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ይህ በር ስላለ ነው።

በሽምግልናው ያለፈ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ ይባረራሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። ወራት ያልፋል፤ አንዳንዴም ዓመታት። በመጨረሻ የዕርቁ ቀን ሲቆረጥ ገዳዩ፣ እሱ እስር ላይ ከሆነም የቅርብ ዘመዱ፣ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል። ካሳው ይነገራል። መስቀል ይሳለማሉ፤ በልጅ ልጃቸው ሳይቀር ደም ላይመላለሱ ይምላሉ፤ አብረው ይበላሉ። ሕዝቡ ደሙ ደረቀ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

የላሊበላ ገድል ራሱ ከዚህ ዓይነት ዕርቅ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ገድሉ እንደሚተርከው ወጣቱ ላሊበላ ከገዛ እህቱ እጅ መርዝ ቀምሷል፤ በንጉሡ ወንድሙ በሐርቤ ዘመንም ተገርፏል። በገድሉ መጨረሻ ግን ሐርቤ ዙፋኑን ለወንድሙ ለቆለት ሁለቱ ታርቀዋል። ላሊበላ ሲነግሥ የበደሉትን ፍርድ ቤት አላቀረበም። ገድል የታሪክ መዝገብ አይደለም፤ ይሁንና የላስታ ሰው ለዘመናት ሲሰማው የኖረው የጥሩ ንጉሥ ምሳሌ ይህ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ዘመናዊው መንግሥት ደሙን ከቤተሰቡ እጅ ለምን ወሰደው?

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መባቻ፣ በ1923፣ የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከዚያ የስዊዙ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ ሕግ፣ ቀጥሎም የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ተከተሉ። ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ጸድቆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸና ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ አንድ ሐሳብ እየጠነከረ ሄዷል። ወንጀል በግለሰብ ላይ ቢፈጸምም የተበደለው ሕዝቡ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ የሚከሰው በሕዝብ ስም ነው፤ ቅጣቱም የተበዳይን ቁጣ ማብረጃ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይበደል መከላከያ፣ አጥፊውንም ማረሚያ ነው።

ይህን ሐሳብ እንደ ባዕድ ነገር የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ደሙ የወገን በነበረበት ዘመን ወገን የሌለው ሰው ደም የማን ነበር? ከሩቅ አገር መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር፣ በሎሌነት የሚኖር፣ ወንድም የሌላት ባልቴት ቢገደሉ ነገሩን ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆም አልነበረም። የሟች ዋጋ ከኋላው በቆሙ ወንዶች ቁጥር ይለካ ነበር። የወንጀል ሕጉ 4ኛ አንቀጽ ሰው ሁሉ በሕጉ ፊት እኩል መሆኑን ሲደነግግ፣ ዐቃቤ ሕግም ለማያውቀው ድሃ ሟች ተነሥቶ ሲከስ፣ ይህ ትልቅ የሥነ ምግባር ድል ነው። የመንግሥት ከሳሽነት ከሁሉ በፊት የወገን የለሾች ወገን ነው። ይህን ያጣ ሽምግልና ቢበዛ የጠንካሮች ሰላም ይሆናል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቤተሰብ ደሙን ሲይዝ ሐዘኑንም ፍርዱንም አንድ ላይ ይይዛል። የሟች ታናሽ ወንድም ትምህርቱን ትቶ ጠመንጃ ፍለጋ ይነሣል፤ በሙሾ የሚነካካው አይጠፋም፤ ካልገደለ ወንድ አይባልም። መንግሥት ደሙን ሲረከብ ያን ልጅ ከዚያ ሸክም ያወጣዋል። ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ፣ እንዲያርስ፣ እንዲያገባ ይፈቅድለታል።

ይሁን እንጂ ደሙን የተረከበው መንግሥት ራሱ ቁጡ ሊሆን ይችላል። የዋድላ ሰው ይህንንም በአገሩ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 መጀመሪያ ላይ መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያመሩ በዚህ ደጋ፣ በቤተ ሖር በኩል አልፈው የጂታን ገደል መንገድ አሠርተውበታል። መቅደላ ከደረሱ በኋላ፣ ከእንግሊዞች ጋር በተዋጉበት ዋዜማ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ምግብና ውኃ ፈልገው የጮኹ እስረኞችን በንዴት ከገደል አስጥለዋል። ቀድሞ የሽፍታን ዘረፋ ለማጥፋት፣ አገሩን በአንድ ሕግ ለማስተዳደር የተነሡት እኒሁ ንጉሥ ነበሩ። ክስ የማይቀርብበት፣ መከላከያ የማይሰማበት፣ ይግባኝ የሌለበት ቅጣት የወገን በቀል ከሚያፈሰው ደም የበለጠ ደም ሊያፈስ እንደሚችል የሚያሳይ ቦታ ከኮን የቀናት መንገድ ነው። የዛሬው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ ማስረጃውን እንደሚያይ፣ ጠበቃ እንደሚቆምለት የደነገገው መንግሥት ደሙን ሲይዝ እጁ እንዳይፈታ ነው። እነዚህን መብቶች ለገዳይ የተደረገ ውለታ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። በሐሰት የተከሰሰ ዘመድ ያለው ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ሕጉ ሽምግልናን ጨርሶ አልዘጋውም። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ 223ኛ አንቀጽ የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ እጅ እልፊትን፣ ከአምስት ብር ያልበለጠ ስርቆትን በተቻለው መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ ያዝዝ ነበር። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች ዛሬም ተበዳዩ ካልከሰሰ አይንቀሳቀሱም። ሕገ መንግሥቱ ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ቦታ የሰጠው ግን ተከራካሪዎቹ በፈቀዱ ጊዜ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። ነፍስ ግድያ ከዚያ ውጭ ነው። በተራ የሰው ግድያ የሚፈረደው ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ በከባዱ ግድያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ካልጸና አይፈጸምም። ከ1983 ወዲህ በይፋ የተፈጸመውም እጅግ ጥቂት ነው፤ የመጨረሻው በ1999 ክረምት ነበር።

ገዳዩ ከታረቀ በኋላ ዕርቁ በችሎት ምን ይሠራል? ሕጉ ጥፋተኛው ከልቡ መጸጸቱን፣ ለተጎጂው ወገን መካሱን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ በ82ኛው አንቀጽ ይቆጥራል፤ በ86ኛው አንቀጽም ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ማቅለያ እንዲቀበል ይፈቅድለታል። የተፈረደበት ሰው ይቅርታ ሲጠይቅም ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቁ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። በዚህ በኩል ሁለቱ ሥርዓቶች እየተያዩ ይሠራሉ።

የሚጋጩበት ቦታ ምስክሩ ላይ ነው። ከፍርዱ በፊት ዕርቅ ከወረደ የመንደሩ ሰው «ታርቀናል፣ ነገሩን አትቆስቁሱ» ይላል። ያየው ሰው «ጨለማ ነበር፣ አልለየሁትም» ማለት ይጀምራል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ያጥረዋል፤ ተከሳሹ በነጻ ይወጣል። አስቀድሞ ግን ያ ምስክር በችሎት ቆሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን ምሏል። በዕርቁ ቀን ደግሞ በመስቀል ምሏል። አንዱ መሐላ እውነቱን እንዲናገር፣ ሌላው ሰላሙን እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በአንድ ፈጣሪ ስም ሁለት ጊዜ የማለ ገበሬ የትኛውን ያፍርስ?

ይህ የአንድ ገበሬ ፈተና ብቻ አይደለም፤ የሽምግልናው የራሱ ጥያቄ ነው። ካህናትና ሽማግሌዎች ሐሰተኛ ምስክርነትን ሊባርኩ አይገባም፤ ምክንያቱም በሐሰት ላይ የቆመ ዕርቅ ለንስሐ ቦታ የለውም። ንስሐ ከመናዘዝ ይጀምራል። ገዳይ «ገድያለሁ» ሳይል የተቀበለው ይቅርታ ማንን ነው ያነጻው? ከዚህ አንጻር ሲታይ ፍርድ ቤቱ እውነቱን ማውጣቱ ለዕርቁ እንቅፋት አይሆንበትም፤ ሽማግሌዎቹ ቆመውበት የሚለምኑበትን መሬት ያደላድልላቸዋል። ሽምግልናው ከችሎቱ በፊት ሲሮጥ ግን እውነቱን በመሐላ ይቀብረዋል።

በሽምግልናው ከሁሉ በላይ የተጎዱት ሴቶች ናቸው። በነፍስ ግድያ የሽማግሌዎቹ ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ ሌላ ነፍስ ሊጠፋ ይችላልና። በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ግን ዕርቅ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በአባቷና በጠላፊው መካከል ነው፤ እሷ አትጠየቅም። የ1949ኙ ሕግ ራሱ ጠላፊው ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን አስወጣ፤ ጋብቻ ወንጀሉን አያጥበውም አለ። በመካከሉ በ1989 አካባቢ በአርሲ የተነሣው የአበራሽ በቀለ ጉዳይ ነበር። የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል እንደሆነ ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ወደ ቀዬዋ ተመልሳ እንደ ቀድሞዋ መኖር ግን አልቻለችም። ችሎቱ ንጽሕናዋን ሰጣት እንጂ አገሯን ሊመልስላት አልቻለም። ሽምግልናው ደግሞ አገሯን መስጠት ይችል የነበረ ቢሆንም ንጽሕናዋን ለመቀበል የተዘጋጀ አልነበረም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አቅርቧል። በአንድ ደሴት የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራቸውን አፍርሰው ሊበተኑ ቢስማሙ እንኳ ከመበተናቸው በፊት በእስር ያለውን የመጨረሻውን ነፍሰ ገዳይ መቅጣት አለባቸው፤ አለበለዚያ የደሙ ዕዳ በሕዝቡ ላይ ይቀራል ይላል። ከዘኁልቁ 35 ጋር ያለው ዝምድና ያስደንቃል። ካንትን የሚያሳስበው በዳዩ የሥራውን ዋጋ ማግኘቱ ነው፤ ከቅጣቱ በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ አይጨነቅም። የኮን ሰው ግን አይበተንም። የገዳይና የሟች ልጆች በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ደብር ይሳለማሉ፣ ከብቶቻቸውን በአንድ ምንጭ ያጠጣሉ። ሃያ ዓመት የተፈረደበትም ሰው ቅጣቱን ጨርሶ የሚመለሰው ወደዚያው ቀዬ ነው። የወንጀል ሕጉ የተመላሹን ሰላም አያውቅም፤ የመፍታት ትእዛዙ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ያበቃል። ፍርድ ቤት ገዳይን ሊፈርድበት ይችላል፤ የሟች እናት ሰላም እንድትለው ሊያዝዛት አይችልም።

ይህ ነገር በአገር ደረጃ የታየበት ጊዜ አለ። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ 12 ዓመት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አላቸው፤ የ1949ኙ ሕግ የፖለቲካ ቡድኖችንም በዘር ማጥፋት አንቀጹ ውስጥ ያካትት ነበርና። በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ በግንቦት 2000 ወደ ሞት ከፍ አለ። በ2003 የሃይማኖት አባቶች ስለ እነዚህ ሰዎች ምሕረት ለመኑ፤ ሽምግልና ጀመሩ። ከሟቾቹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ አጥብቀው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ግንቦት 24 ቀን የ23ቱ የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያም ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል በሚለው ሕግ ብዙዎቹ ተፈቱ።

የተቃወሙት ቤተሰቦች ያነሡት ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ይፈልጋል። ልጄን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ማን ነው በእኔ ስም ይቅር የሚለው? የሃይማኖት አባቶቹ ስለ ነፍስ መለመን ተልእኳቸው ነው። ርእሰ ብሔሩ ቅጣት ማሻሻል ሥልጣኑ ነው። ሁለቱም ግን የእናቲቱን ይቅርታ ሊሰጡ አይችሉም፤ በእጃቸው የለምና። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ከታሰበ እናቲቱም ብትሆን የራሷን ሐዘንና የራሷን ቂም ልትተው ትችላለች እንጂ ልጇ ስለ ተነጠቀው ሕይወት ልትምር አትችልም። የዋናው ተበዳይ ድምፅ ከመቃብር አይሰማም። የዘፍጥረቱ ደም ወደ እግዚአብሔር መጮኹ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ በቀር ስለዚያ ደም ሊመልስ የሚችል የለም።

በዚህ መንገድ ከታየ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ባለቤት አይኖረውም። አንዱ ሞት ብዙ ዕዳ ይዞ ይመጣል። የሕዝብ ጸጥታ መድፈረሱ የመንግሥት ነው፤ በቅጣትም በምሕረትም ሊዘጋው ሥልጣን አለው። የቤተሰቡ ሐዘንና ጉዳት የቤተሰቡ ነው፤ ካሳውን የሚቀበሉት፣ ቂሙን የሚተውት እነሱ ናቸው። ኃጢአቱ በገዳዩና በፈጣሪ መካከል ነው፤ መንገዱም የንስሐ አባት ጋ ነው። የሟች የራሱ ድርሻ ደግሞ ማንም በምድር ሊሰርዘው የማይችል ነው። ችግር የሚፈጠረው ከእነዚህ አንዱ የሌላውን ዕዳ ሰርዣለሁ ሲል ነው፤ ዳኛው ፈርጃለሁና ነገሩ አልቋል ሲል፣ ሽማግሌው ታርቀዋልና አይከሰስ ሲል፣ ቄሱ ተናዟልና አይጠየቅ ሲል።

ሩዋንዳ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) እልቂት በኋላ ችሎትንና ዕርቅን በአንድ ጣራ ለማዋል ሞክራለች። ከ2002 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 12,000 ያህል የጋቻቻ መንደር ፍርድ ቤቶች ሁለት ሚሊዮን ገደማ ጉዳዮችን አይተዋል። የተናዘዘና የአስከሬን ቦታ ያሳየ ቅጣቱ ይቀልለት ነበር። ጠበቃ የሌለበት ችሎት በመሆኑ ነቀፋም ደርሶበታል፤ ነቀፋው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ የሚቀረው ትምህርት እውነቱ በተጎጂው ፊት መነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ነው። የልጇን አፅም ያገኘች እናት በፍርዱ ዓመት ቁጥር የማትለካው ነገር አግኝታለች።

ለላስታና ለዋድላ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ጋሸና የከባድ ውጊያ ቦታ ነበረች። በሰሜን ወሎ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፣ ሴቶች ተደፈሩ፣ ንብረት ተዘረፈ። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም የተጎጂዎቹ ጉዳይ አልተቋጨም፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲው ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ዕርቅን፣ ምሕረትንና ማካካሻን አንድ ላይ ያነሣል፤ ለባህላዊ ሥርዓቶችም ቦታ ይሰጣል። የሕገ መንግሥቱ 28ኛ አንቀጽ ግን በሰው ዘር ላይ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋም ምሕረትም ይቅርታም የለም ይላል። ሽማግሌዎች የማይደርሱበትን ወሰን ሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ አስምሯል ማለት ነው።

ይህ ፖሊሲ ዋድላ ላይ ሲደርስ ለመፈተን ቀላል የሆኑ ነገሮች አሉ። የተደፈረችው ሴት ቃሏን የምትሰጠው ለሴት መርማሪ ነው? ሽማግሌዎቹ ሲሰየሙ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የሞተባት ሴት ከደጅ ቆማ ትጠብቃለች ወይስ ከመካከል ትቀመጣለች? ዕርቅ ከወረደ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ፣ ገዳዩ ያመነው ነገር ተዘርዝሮ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር ይያያዛል? ዳኛው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የሟችን እናት ወደ ፊት ጠርቶ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃታል? ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ችሎት የሚያስችል ዳኛ ሊጀምረው ይችላል። ማቅለያ ምክንያቱን ጽፎ እንዲቀበል 86ኛው አንቀጽ የፈቀደለት ያው ዳኛ ነው።